ሐዋሳ ያለውን ኮምፒውተር አዲስ አበባ ሆነው ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በጠዋት አሞራ ገደል የወረደ ሰው የሐዋሳ የሥራ ቀን ከቢሮ ሰዓት ቀድሞ እንደሚጀምር ያውቃል። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ ቢላ የያዙ ወጣቶች ዓሣውን ያጸዳሉ፤ አባ ኮዳዎቹም ከሰው ጋር ተሰልፈው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ከዚያ ዓሣ ከሚወስዱት ምግብ ቤቶችና በሐይቁ ዳር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች መካከል ዛሬ ካሸር ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተር ያስቀመጡ ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ሐዋሳ አይኖርም። አንዳንዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋም ለሦስትና ለአራት ድርጅት ስለምትሠራ በየቀኑ ሐይቁ ዳር አትመጣም። እናም «ከዚህ ሆኜ ልክፈተው» የሚለው ሐሳብ ይመጣል።

እኔ የምሠራው እነዚህን ኮምፒውተሮች ማገናኘት ነው። ደንበኛ ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» የሚል ነው። የሶፍትዌሩ ምርጫ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣና ከሁሉም የሚቀል ጉዳይ ነው። ከሩቅ የሚከፈት ኮምፒውተር ሁለተኛ በር የወጣለት ሱቅ ማለት ነው። ቁልፉን ማን እንደሚይዘው፣ ስንት ቅጂ እንዳለው፣ የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅ ማን እንደሚረከበው ሳይታወቅ ግድግዳ ተሰብሮ በር አይወጣም።

ማየት ነው የፈለጉት ወይስ መሥራት?

የዕለቱን ሽያጭ ብቻ ማወቅ ከሆነ ሐሳብዎ፣ ምንም መጫን አያስፈልግዎትም። ካሸሯ ማታ ሒሳብ ዘግታ የመዝጊያውን ሪፖርት በቴሌግራም ትላክልዎ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው ደንበኞች አሉ፤ እኔም ሥራ ይቀርብኛል፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። የማያስፈልግ በር አለመክፈት ከማንኛውም ፓስወርድ ይበልጣል።

ሥራ መሥራት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፒችትሪን እንውሰድ። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም፣ እኛ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ዛሬም የሚጠየቀው ፒችትሪ መቻሉን ነው። ይህ ፕሮግራም የተሠራው መረጃው የተቀመጠበት ኮምፒውተርና የሚሠራበት ኮምፒውተር በአንድ ቤት፣ በአንድ ኬብል ላይ እንዲሆኑ ታስቦ ነው። የሐዋሳውን ፎልደር በኢንተርኔት አዲስ አበባ ላይ አምጥቼ እከፍተዋለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ መዘግየት ያጋጥመዋል፤ መስመሩ በመሐል ሲቋረጥበት ደግሞ የመረጃው ፋይል ሊበላሽበት ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ከሆነ ፕሮግራሙም መረጃውም ሐዋሳ ይቆያሉ፤ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርዱ ምት ብቻ ነው። ኔትዎርክ ቢቋረጥ ሥራው ሳይዘጋ ይጠብቅዎታል፤ ተመልሰው ሲገቡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሪሞት ዴስክቶፕ ትክክለኛው መንገድ ነው።

እርስዎ ሲገቡ ካሸሯ ምን ትሆናለች?

ሰው የማይጠይቀው፣ ግን ምርጫውን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ጥያቄ ይህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ፣ በተለምዶ አርዲፒ የምንለው፣ በተራ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያሠራል። እርስዎ ቦሌ ተቀምጠው ሲገቡ ሐዋሳ ያለው ስክሪን ይቆለፋል። እሑድ እኩለ ቀን፣ ምግብ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ካሸሯ ፊት ስክሪን ቢቆለፍ ምን እንደሚሆን ያስቡት። እሷ ፓስወርዷን አስገብታ ስትመለስ ደግሞ እርስዎ ይወጣሉ።

ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክ፣ ረስትዴስክና ቪኤንሲ ሌላ ዓይነት ናቸው። እነሱ አንዱን ስክሪን ለሁለታችሁ ያሳያሉ፤ እርስዎ ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ እሷም ታያለች። ለእርዳታና ለማሳየት ጥሩ ናቸው፤ ለደመወዝ ሥራ ግን ጥሩ አይደሉም፤ ካሸር ጠረጴዛ ፊት የቆመ እንግዳ ሁሉ የሠራተኛውን ደመወዝ ያነባልና።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ በየራሱ ስክሪን እንዲሠራ ከፈለጉ ዊንዶውስ ሰርቨር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚያስገባው ለአስተዳደር ሥራ የሚገቡ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፈቃድ ይገዛል። ይህን ገደብ በነጻ የሚያልፉ ክራኮችን የሚጭኑ ቴክኒሺያኖች አሉ። እባክዎ አያስጭኑ። አንድ የዊንዶውስ አፕዴት በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፤ ከዚያም የሒሳብ ኮምፒውተርዎ ላይ ምን እንደተጫነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ለአንድ መካከለኛ ማረፊያ የሚሻለው ለሒሳብ የተለየ ሁለተኛ ኮምፒውተር ማቆም ነው። ያገለገለም ቢሆን ይበቃል።

ዊንዶውሱ የትኛው ነው?

«ሆም» የሚለው ዊንዶውስ በአርዲፒ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውጣት እንጂ ወደ ራሱ ማስገባት አይችልም። «ፕሮ» ያስፈልጋል። ሴቲንግ ከፍቶ «አባውት» የሚለውን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሐዋሳ ያለው ልጅ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ቁጥሩንም ይመልከቱ፦ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም. ቆሟል፤ የዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደኅንነት እርማት የማይደርሰውን ኮምፒውተር ለኢንተርኔት መክፈት አይገባም።

በሩን ለመንገድ አይክፈቱት

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና። አርዲፒ የሚያዳምጠው 3389 በሚባለው ፖርት ላይ ነው። ቴክኒሺያኑ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ «ይህን ፖርት ከፍቼልዎታለሁ፣ አሁን ከየትም ይገባሉ» ካለዎት፣ ከየትም የሚገቡት እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ ይወቁ። በዓለም ዙሪያ ቀን ከሌሊት ይህን ፖርት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ያገኙትን በር በሺህ የሚቆጠር ፓስወርድ እየሞከሩ ያንኳኩበታል። ገብተው ፋይሉን ሁሉ በመቆለፍ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቁት አንዱ ዋና መግቢያቸው ይህ ነው። የፖርቱን ቁጥር ወደ ሌላ መቀየርም አያድንም፤ አሳሾቹ ሁሉንም ቁጥር ይፈትሻሉ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ በአርዲፒ ውስጥ ተገኘ። ፓስወርድ እንኳን ሳያስፈልግ የሚያስገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ነገሩ ስላስጨነቀው ድጋፉን ካቆመ አምስት ዓመት ላለፈው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር እርማት አወጣ። ያን ጊዜ ፖርታቸውን ለመንገድ ያልከፈቱ ሰዎች እርማቱ እስኪጫን ድረስ በውጭ በኩል የሚመጣባቸው አልነበረም።

ትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ ቪፒኤን፣ ከዚያ በኋላ አርዲፒ ነው። ቪፒኤኑ የግቢው አጥር ነው፤ አርዲፒው የክፍሉ በር ነው። ዋየርጋርድን ወይም በእሱ ላይ የተሠራውን ቴይልስኬልን መጠቀም ይቻላል። ለእኛ አገር መስመር ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ የኢንተርኔት መስመር፣ በተለይ በሲም የሚሠራው ራውተር፣ የራሱ የሕዝብ አድራሻ የለውም፤ አንዱን አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራል። ለማወቅ ራውተሩ ውስጥ በኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አድራሻ ይመልከቱ። በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ከውጭ ቀጥታ ሊገባበት አይችልም። ፖርት መክፈትም ምንም አይጠቅምም። ቋሚ የሕዝብ አድራሻ ለብቻው ተጠይቆ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። እነቴይልስኬል ግን ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ ደውለው እንዲገናኙ ስለሚያደርጉ፣ ያለዚያ አድራሻም ይሠራሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ከመግባቱ በፊት ፓስወርድ የሚጠይቀው «ኔትዎርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽን» ይብራ። ደጋግሞ የተሳሳተ ፓስወርድ ያስገባ ሰው ለጊዜው ይታገድ። በ«አድሚኒስትሬተር» ስም ማንም ከሩቅ አይግባ። ዊንዶውስ የከሸፈ ሙከራን በቁጥር 4625፣ የተሳካ መግቢያን በ4624 ይመዘግባል፤ በወር አንድ ጊዜ ይህን የሚያይ ሰው ይመደብ።

ነጻ የተባለው ነጻ ነው?

ቲምቪወርና ኤኒዴስክ በነጻ የሚፈቅዱት ለግል አገልግሎት ብቻ ነው። ለድርጅት እየተጠቀሙበት እንደሆነ ሲጠረጥሩ ግንኙነቱን ያቋርጣሉ፤ ይህም የሚሆነው እርስዎ በቸኮሉበት ቀን ሊሆን ይችላል። ክፍያቸው ደግሞ በዓመት፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ካርድዎ ይህን መክፈል መቻሉን ከወዲሁ ያረጋግጡ። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ የጉግል አካውንትና ፒን ብቻ ይጠይቃል፤ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለአምስት ሰው ግን ማን መቼ እንደገባ መቆጣጠር ያስቸግራል። ረስትዴስክ የፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መሐል የሚያገናኘውን ሰርቨርም ራስዎ ማቆም ይችላሉ፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ካለዎት።

መሐል ያለው ኩባንያ ራሱ ሊደፈር እንደሚችልም አይርሱ። ኤኒዴስክ ሰርቨሮቹ ውስጥ ሰው እንደገባበት ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በራሱ አስታውቋል፤ የደንበኞቹን የድረ ገጽ ፓስወርዶችም ሽሮ እንዲቀየሩ አድርጓል። ኩባንያው ነገሩን መናገሩ ያስመሰግነዋል። ለእርስዎ ያለው ትርጉም ግን አንድ ፓስወርድ ለሁለት ነገር እንዳይጠቀሙና ሁለተኛውን ማረጋገጫ፣ በስልክ የሚመጣውን ኮድ፣ እንዲያበሩ ነው።

ኮኔክሽኖቹ የት ይመዘገባሉ?

አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካለዎት ይህን ይዝለሉት። ሪሴፕሽን፣ ሒሳብ ክፍል፣ መጋዘን፣ ሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ እያለ ሲበዛ ግን ኮኔክሽኖቹን በአንድ ቦታ የሚያደራጅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ዲቮሉሽንስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ የሚሠራው ሪሞት ዴስክቶፕ ማኔጀርና ነጻው ኤምሪሞት ኤንጂ የታወቁ ናቸው። ማይክሮሶፍትም የራሱ አለው፤ በ2012 ዓ.ም. ቀዳዳ ተገኝቶበት አቁሞት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ታርሞ ተመለሰ። አሮጌው ቅጂ ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ ያጥፉት።

ስም ሲሰጡ ለማያውቅ ሰው እንዲገባው ያድርጉ። «ፒሲ 3» አይበሉ፤ «አሞራ ገደል፣ ሒሳብ ክፍል» ይበሉ። በተሳሳተ ኮምፒውተር ገብቶ የሌላ ቅርንጫፍ ፋይል የሚያጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በስም ነው። በቅርንጫፍ ፎልደር ይክፈሉ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ፎልደሩ ላይ የተሰጠውን ቅንብር በውስጡ ያሉት ኮኔክሽኖች እንዲወርሱ ያደርጋሉ። ምቹ ነገር ነው። አደጋውም እዚያው ነው፦ ፎልደሩ ላይ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ካስቀመጡ ሁሉም ይወርሰዋል፤ አንዱን ብቻ እንዲከፍት የተሰጠው ሰው ሁሉንም ይከፍታል። የቤት ውስጥ አድራሻው በየጊዜው እንዳይለዋወጥ ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ያስይዙ፤ አለዚያ ከአንድ የመብራት መጥፋት በኋላ «ሒሳብ ክፍል» የሚለው ኮኔክሽን ሪሴፕሽንን ይከፍትልዎታል።

ፓስወርድ አስቀምጥ ሲልዎት ፋይሉ በምን እንደተቆለፈ ይጠይቁ። ኤምሪሞት ኤንጂ የራስዎን ማስተር ፓስወርድ ካልሰጡት የሚቆልፈው ለሁሉም ሰው በሚታወቅ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ፋይሉ በፍላሽ ከወጣ ፓስወርዶቹ ሁሉ እንደወጡ ይቁጠሩት።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አዲስ ነገር እንድጭን ተጠርቼ ያየሁት አይረሳኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ከሩቅ ማስገቢያ አስቀድሞ ተጭኗል፤ ማንም ሳይፈቅድ የሚያስገባው ፓስወርድም በርቷል። ማን እንደጫነው ስጠይቅ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ደውለን ጠየቅናት። አሁንም ይሠራል። ልጅቷ ታማኝ ነች፤ ምንም አልነካችም፤ እንዳለውም ረስታዋለች። ባለቤቱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ካዝናው ሁለት ቁልፍ እንዳለው ሳያውቅ ኖሯል።

መብራትና ኔትዎርክ

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ ምንም ሶፍትዌር አያስገባዎትም። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ያስበሩት። እንቅልፍ የሚያስገባውንም ምርጫ ይዝጉት። ዩፒኤሱ ላይ ራውተሩም ይሰካ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ጥቅም የለውም። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ከሌላኛው ኦፕሬተር ሲም ያለው ትንሽ ራውተር ሥራ ያስቀጥላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም በመግባቱ ይህ ምርጫ አለን።

ሁለቱም የሚቋረጡበት ጊዜ ግን አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል። ስለዚህ ከውሳኔዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ እኔ መግባት ባልችል ሐዋሳ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ? መረጃው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ አዎን፤ ካሸሯ ትሸጣለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ነገር ሁሉ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከሆነ ሁሉም ይቆማል። ባክአፑም ሐዋሳ በሚቀር ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ይኑረው፤ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ።

መስመሩ ቀጭን ሲሆን የግድግዳ ምስሉን ያጥፉ፣ የቀለሙን ጥራት ይቀንሱ፣ ድምፁን ይዝጉ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ፕሪንተሩና አማርኛው

አርዲፒ ያልተነገረው እንደሆነ የእርስዎን ፕሪንተር ወደ ሐዋሳው ኮምፒውተር ይወስደዋል። ሐዋሳ ሊወጣ የሚገባው ወረቀት አዲስ አበባ ይወጣል። ኮኔክሽኑ ላይ ፕሪንተርና ድራይቭ የሚሉትን ምልክቶች ያንሱ፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይመልሱ። የራስዎ ላፕቶፕ ቫይረስ ካለበት በድራይቩ በኩል ወደዚያኛው የሚሻገርበትም መንገድ ይህ ነው። አማርኛ የሚጽፉበትን ኪቦርድ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ፣ በሐዋሳው ኮምፒውተር ላይ፣ ያብሩት። ሁለቱም ጋ ከበራ «ሐዋሳ» ብለው ጽፈው የተመሰቃቀለ ፊደል ያገኛሉ።

ሠራተኛዋ ታውቃለች?

ካሸሯ የምትሠራበትን ስክሪን ሳይነግሯት አይዩ። ይህ ከሁሉ በፊት የመከባበር ጉዳይ ነው። የሕግም ጉዳይ ነው፤ የእንግዶች ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ያለበት ኮምፒውተር የግል መረጃ ይዟል፣ አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ሥራ የለቀቀ ሰው በድሮ ፓስወርዱ ሲገባም ቢሆን። ማን፣ ወደ የትኛው ኮምፒውተር፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ መግባት እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ። ሠራተኞችዎንም ያስጠንቅቁ፦ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ይህን አፕ ጫኑና ቁጥሩን ንገሩኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ያን ቁጥር በስልክ መንገር ቁልፍ ማቀበል ነው።

እኔ ብጠየቅ ለሐይቁ ዳር ማረፊያ የምመክረው ይህን ነው፦ ለሒሳብ የተለየ ፕሮ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር፣ በቪፒኤን ውስጥ በአርዲፒ የሚገባበት፤ ሪሴፕሽን ላይ ደግሞ ሠራተኛዋ «ፍቀድ» የሚለውን ካልተጫነች የማያስገባ የእርዳታ ፕሮግራም። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ቴክኒሺያኑ፣ እኔም ብሆን፣ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ አንድ ነገር ያድርጉ። ገና በሩ ላይ ሳለ ፓስወርዱን በእጅዎ ይቀይሩትና በድሮው እንዲገባ ይጠይቁት። መግባት ካልቻለ ሒሳቡን ይክፈሉት።